«መብትዎ ቀሪ ይሆናል»

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ 22 ዓመቴ ነው። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለናል። የጦሳ ብርድ እንዳለ ሆኖ ሥራው ክፉ አይደለም። ዘንድሮ ግን ከምጽፈው የማነበው በልጧል። ሰው ከመሥሪያ ቤት የደረሰውን ደብዳቤ ይዞ ይመጣና «ምንድን ነው የሚለኝ?» ይላል።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። ስለ መሬት ካሳ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። «በ15 ቀናት ውስጥ ቀርበው ካላመለከቱ መብትዎ ቀሪ ይሆናል» ይላል። ደብዳቤው የደረሳቸው ዕለት ስምንተኛ ክፍል ለሚማረው የልጅ ልጃቸው አስነብበውታል። እሱም «ቀሪ ይሆናል ማለት ለአንቺ ይቀርልሻል ማለት ነው፤ አብሽሪ» አላቸው። ልጁ ምን አጠፋ? እኛ ቤት የቀረ እንጀራ ማለት መሶብ ውስጥ ያለው ነው። እሳቸውም አምነው ተቀመጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቀኑ ካለፈ አሥር ቀን ሆኖታል።

«በ15 ቀን ውስጥ ካልመጡ ካሳውን አያገኙም» ቢባል ምን ይጎድላል? ወረቀቱም ባጠረ!

«ይርጋ»ማ አይነሳ። አንድ ገበሬ ክሱ በይርጋ ታግዷል ቢባል፣ «ይርጋ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ምን አድርጌው ነው የሚያግደኝ?» አለኝ። ሳቅሁ፣ ኋላ አፈርሁ። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ አለፈ ማለት ነው፣ አለቀ። ለምሳሌ የውል ጉዳይ ከሆነ፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ 10 ዓመት ነው። ይኼን እዚያው ደብዳቤው ላይ መጻፍ ያቅታል?

የሕግ ቃል ሁሉ ይጥፋ አልልም። «ይግባኝ»ን አስተርጉምልኝ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ታዲያ ደብዳቤ የምታረቅቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት በር ላይ ላለው ጥበቃ አንብቡለት። ግራ ከገባው እንደገና ጻፉት።

ይህን ስል የራሴን ገበያ እየዘጋሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤ አንብቤ ብር እቀበላለሁና። ከእኒያ እናት ግን አልተቀበልሁም። ጊዜው ይራዘምልኝ የሚል ማመልከቻ ጽፌላቸው አስገብተዋል። መልሱ ሲመጣ ይዘውት ይመጣሉ።

ራፖር ጸሐፊው፣ ከደሴ