የፕላን ካርታው ሳንገዛ በፊት ይታየን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቤትና መሬት ዋጋ ብዙ ይጻፋል፤ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ሁሌም ተዘሎ ይታለፋል። ሰው የገዛው ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድለት የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ቢሮ የምሠራ አርክቴክት ነኝ። ወደኛ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ያጣራ ይመስለዋል። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን አስመርምሯል፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ጠይቋል፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ ፈርሟል፤ ስም አዙሯል። የቀረው "ጂ ፕላስ 2 ሥሩልኝ፣ ከታች ሱቅ ይሁን" ማለት ብቻ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የምንለው የፕላን መረጃ አውጣ ነው፤ ከተማው ለቦታው ምን እንዳቀደ የሚያሳየው ወረቀት ማለት ነው። ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

የይዞታ ካርታው የሚነግረን ባለይዞታው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ስንት ካሬ እንደሆነና ወሰኑ የት እንደሆነ ነው። የአገልግሎቱ ዓይነትም ተጽፎበት ይሆናል፣ ግን ያ ካርታው በተሰጠበት ጊዜ የነበረው ነው። በቦታው ላይ 30 ሜትር መንገድ ታስቦ እንደሆነ፣ ከጀርባ ያለው ወንዝ ምን ያህል ራቁልኝ እንደሚል፣ አካባቢው ለመኖሪያ ይሁን ለቅይጥ (መኖሪያም ንግድም ለሚሆን) ወይስ ለአረንጓዴ መመደቡን፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን ከተማውን በጥቅሉ የሚያሳየው መዋቅራዊ ፕላንና በሱ ሥር ለየአካባቢው በዝርዝር የሚዘጋጀው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ሁለቱም በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ያሉ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ደግሞ የፕላን ስምምነት የሚባለውን አምጥቷል፤ ዲዛይን ከመሥራትህ በፊት ያሰብከው ነገር ከፕላኑ ጋር ይሄድ እንደሆነ ጠይቀህ እወቅ ነው ያለው። ሕጉ ሰውን ከኪሳራ የሚያድን ነገር አስቀምጧል። ችግሩ መረጃው ለገዢው የሚደርሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ መሆኑ ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። እህትና ወንድም ናቸው። ከወላጆቻቸው የወረሱት ነባር ይዞታ ዋና መንገድ ዳር ነው። ያጠራቀሙትን አሰባስበው፣ ተከራይ አስወጥተው፣ ሁለት ፎቅ ሊሠሩ መጡ። ፕላኑ በዚያ መስመር ቢያንስ ይህን ያህል ፎቅ ይሠራ የሚል ቁጥር አስቀምጧል፤ እነሱ ያሰቡት ከዚያ በታች ነው። ምርጫቸው ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ማልማት፣ ወይ ገንዘብ ያለው ሸሪክ ማስገባት፣ ወይ መሸጥ ሆነ። እዚህ ላይ በስህተት እንዳትረዱኝ፣ የፕላኑን ሐሳብ እደግፈዋለሁ። ከተማችን ወደ ጎን ብቻ እየሰፋች የገበሬ መሬት መብላቷን ማቆም አለባት፣ ዋና መንገድ ዳር ከፍ ብሎ መሠራቱ ልክ ነው። የማልደግፈው ያ ቤተሰብ ይህን ቀድሞ እንዳያውቅ መደረጉን ነው። ቢያውቁ ተከራያቸውን አያስወጡም ነበር። ኪራዩ ለወራት ቀረባቸው፣ ጎረቤት ማሳመኑ ደግሞ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሌላው የባሰ ነው። ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት በደላላ በኩል ቦታ ገዛች። ካርታው ንጹሕ ነው። ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም የቦታውን መገኛ የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ፕላኑ ላይ ስናስቀምጠው ከግማሽ በላይ የሚሆነው መንገድ ውስጥ ወደቀ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መንገዱ የተቆረጠ ቀን ካሳ የሚሰላው በዋናነት በላዩ ላይ ባለው ንብረት እንጂ ለሻጭና ለደላላ በተከፈለው ገንዘብ አይደለም። የስንት ዓመት ላብ ነው! ሻጩ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ማስረጃ ግን የለኝም።

"ለምን ቀድማ አልጠየቀችም?" የሚል ይኖራል። ማንን ትጠይቅ? እኔ በሄድኩባቸው መስኮቶች የፕላን መረጃ የሚሰጠው ለባለይዞታው ወይም ለወኪሉ ነው። ገና ሊገዛ ያሰበ ሰው ባለጉዳይ አይደለም፣ ስለዚህ መልስ የለውም። ሻጩ ካልተባበረ በቀር በሩ ዝግ ነው። አዋጅ 574/2000 ግን የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎ ነው የጀመረው።

የፕላን ካርታዎቹ ለሁሉም ከተከፈቱ ደላላ ይጫወትባቸዋል የሚል መልስ ከባለሙያዎችም ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። ደላላው ዛሬም ያውቃል። መንገድ የት እንደሚወጣ፣ የትኛው ሰፈር ለልማት እንደሚነሳ፣ የቱ ወደ ቅይጥ እንደተቀየረ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው፤ ከዚያ ይገዛል፣ ዋጋ ይሰቅላል። የማያውቀው ተራው ገዢ ብቻ ነው። ምሥጢሩ የሚጠቅመው መረጃውን የሚሸጠውንና የሚገዛውን ነው። ፕላን በመሀል ሲሻሻልም ያው ነው። ትናንት አረንጓዴ የነበረ ቦታ ዛሬ ሕንፃ ሲወጣበት የአካባቢው ሰው በምን አውቆ ይጠይቅ? የነበረውን ካርታ አይቶት አያውቅም።

አንድ ነገር በመሀል ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚታለልበት። ካርታው ላይ ያሉትን ኮኦርዲኔቶች ስልክ ላይ አስገብቶ ቦታውን የሚፈልግ ሰው እያየሁ ነው። የከተማችን ይዞታ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፣ ስልኩ የሚጠቀመው ግን ሌላ ነው። ሳይቀየር ከገባ ቦታው 200 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ ይታያል። ሌላ ሰፈር ማለት ነው። ወይ አንድ ቀያሽ ይቀይርላችሁ፣ ወይ አትመኑት።

ደግሞ በእጅ በእጅ የሚዞረውን የመዋቅራዊ ፕላን ፎቶ አይቶ መወሰን አደገኛ ነው። እሱ ከተማውን በጥቅሉ ነው የሚያሳየው። አንድ መስመር ቦታህን ይንካ አይንካ የሚለየው ዝርዝሩ ውስጥ፣ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው።

አሁን ባለው አሠራር ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሻጩን ይዘህ ሂድና የፕላን መረጃውን በስሙ ያውጣ። እምቢ ካለ ተወው፤ ለምን እምቢ እንዳለ መገመት አይከብድም። ካወጣ ደግሞ ወረቀቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ቦታው ላይ መሥራት የታሰበው ነገር ፕላኑ የማይፈቅደው ከሆነ ቀብዱ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ ውክልና የምትገዙ ይህን በተለይ ልብ በሉ፣ ውክልና የያዘው ዘመዳችሁ ካርታውን ብቻ አይቶ ነው "ጥሩ ነው" የሚላችሁ።

ግን ይህ ሁሉ ማስታገሻ ነው። የሚያስፈልገው ፕላኑ በየወረዳው ግድግዳ ላይ መለጠፉ፣ በኢንተርኔትም ማንም ሰው የቦታውን ኮኦርዲኔት አስገብቶ የሚያየው መሆኑ ነው። ካርታዎቹ ኮምፒውተር ላይ ነው ያሉት፤ እንደ አዲስ የሚሳል ነገር የለም። የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን የአሥር ዓመት ዘመኑ በ2019 ዓ.ም. ያበቃል። የሚቀጥለውም ተዘጋጅቶ፣ ጸድቆ፣ መሳቢያ ውስጥ እንዲቆለፍ አንፈልግም። ረቂቁ ገና ሳለ እንየው፣ በየሰፈራችን እንወያይበት፣ የማንስማማበት ካለ በጊዜ እንናገር።

ዝግጅት ክፍሉ አንድ ነገር እንዲያደርግልን እለምናለሁ። ጥያቄውን ለሚመለከተው የከተማው ቢሮ አቅርቡና መልሱን አትሙልን፦ የ11ዱም ክፍለ ከተሞች የአካባቢ ልማት ፕላን፣ የይዞታ ካርታ በእጁ ለሌለ ሰው ጭምር፣ መቼ ነው የሚከፈተው?

አንባቢያችሁ፣ አርክቴክት
ከአዲስ አበባ