የፊልም ክበብ፦ አንድ ፊልም፣ አንድ ዓመት

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ፊልም ከማየት አንዱን ረጋ ብሎ መመርመርን መረጠ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1916 ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ አልባው የብሪታንያ ፊልም «የሶም ውጊያ» ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ጀርመንን የገጠመችበትን ውጊያ ያሳያል። አገራችን በልጅ ኢያሱ ዘመን ላይ ሳለች ማለት ነው።

ቀራጮቹ ጄፍሪ ማሊንስና ጆን ማክዳውል ነበሩ። ካሜራቸው ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተተክሎ በእጅ የሚዘወር ስለነበር ወታደር ተከትሎ መሮጥ አይታሰብም። ማሊንስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን ማለዳ ጀርመኖች የያዙት የሆውቶርን ጉብታ በፈንጂ ሲናጋ ቀረጸ። በዚያች ዕለት ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞተዋል።

ከሁሉ ያከራከረን ወታደሮች ከምሽግ ወጥተው ሲያጠቁ የሚታዩበት ትዕይንት ነው። የክበቡን ተማሪዎች ምንም ሳልነግራቸው «ካሜራው የት ቆሟል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «እዚያ የቆመ ሰው በጥይት ይመታ ነበር» አለች። ሌላው ደግሞ «ሞቶ» የወደቀው ወታደር እግሩን ሲያነባብር አየ። ልክ ናቸው፤ ትዕይንቱ ከግንባሩ ኋላ ለካሜራ ሲባል የተቀናበረ ነው። ተማሪዎቼ ይህን በዓይናቸው ስለደረሱበት እጅግ ኮርቻለሁ።

ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ፊልሙን በሙሉ ውሸት ነው አሉ። እኔ አልተስማማሁም። የተቀናበረው ጥቂቱ ነው። አንድ ወታደር ቁስለኛ ጓዱን ተሸክሞ በምሽጉ ውስጥ ሲመጣ ይታያል፤ በፊልሙ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ቁስለኛው ከ30 ደቂቃ በኋላ መሞቱን ይናገራል። ክፍሉ ጸጥ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ ነሐሴ ላይ ለንደን ውስጥ ሲታይ ውጊያው ገና አላበቃም ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ይገመታል። ሄንስሊ ሄንሰን የተባሉ የዱራም ቄስ የሟቾችን ሥቃይ መዝናኛ ማድረግ ነው ብለው በጋዜጣ ተቃወሙ። ዘመዶቻቸውን ያጡ ሰዎች ግን ልጆቻችን ያለፉበትን ማየት እንፈልጋለን ሲሉ መለሱ። ክበቡ በዚሁ ርዕስ ክርክር አካሂዶ ድምፁ ለሁለት ተከፈለ፤ እኔ ከሐዘንተኞቹ ጋር ነኝ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም የሰነድ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በመጪው ዓመት ጀርመኖች በ1917 የሰጡትን የፊልም ምላሽ ጎን ለጎን እናያለን። አዲስ አባላት ከመስከረም ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ መመዝገብ ትችላላችሁ።