ስለ «ነካ ነካ» ቀለም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን መኪናችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ «ዛሬ አይደርስም፤ ሁለት ሌሊት ያድራል» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። ያውም ጠጠር መትቷት ለዛገች፣ ምስር ለምታክል ነጥብ! አንዳንዶቻችሁ ዋጋ ለመጨመር የፈጠርነው ዘዴ መስሏችሁ ቅር እንዳላችሁ ሰምተናል። አንድ የቆዩ ደንበኛችንማ «ድሮ ፒያሳ ደርሼ ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ታደርሱልኝ አልነበር?» ብለው ወቅሰውናል። እውነታቸውን ነው፤ እናደርስ ነበር። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ያንን ለምን እንደተውነው ለማስረዳት ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንዲት ብርማ ቪትስ መጣች። ኮፈኗ ላይ፣ ከፊት ጠርዙ አራት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ ጠጠር የመታው ነጥብ አለ፤ መሀሉ ቡናማ ሆኗል። ባለቤቷ ለሠርግ ቸኩለው ስለነበር ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርገን፣ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀብተን፣ ቀለሙን ነካ ነካ አድርገን ሸኘናቸው። አምራ ሄደች። መስከረም ላይ ስትመለስ ያ ቦታ እንደ ብጉር አብጧል። ልጃችን በጥፍሩ ሲነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ንጹሕ ብረት እስኪታይ ስንፍቀው ምስሯ ከአንድ ብር ሳንቲም በልጣ ተገኘች። ጥፋቱ የኛ ስለነበር ያለ ክፍያ እንደገና ሠራነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካ ቀለም ከፕራይመሩ (ብረቱ ላይ ከሚያርፈው የመጀመሪያ ድርብ) እስከ ክሊር ኮቱ (ከላይ እስካለው ቀለም አልባ ድርብ) ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት እምብዛም አይወፍርም። ጠጠር እሱን በስቶ ላሜራው ላይ ሲደርስ ውኃና አየር መግቢያ ያገኛሉ። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ደህና ቀለም ከሥር ፈልቅቆ ያነሣዋል፤ በተነሣው በኩል እርጥበት ይገባል፤ ብረቱ እንደገና ይዝጋል። እናንተ ከላይ የምታዩት በሩን ነው፤ ጓዳው ከውስጥ ነው።

አንቲረስት ላይ ብዙ ሰው ስሙ ያታልለዋል። ንጹሕ ብረት እንዳይዝግ ያግዛል እንጂ የዛገውን አያድንም። ዝገት ላይ ስቱኮ መለሰንም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይጠጣልና።

ታዲያ ሁለት ቀን ምን ትሠራላችሁ ለምትሉን፣ አብዛኛው መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቦታው በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይለቃል። ከዚያ የላላው ቀለም በስለት ጫፍ ይነሣና፣ እርሳስ ጫፍ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ዝገቱ ይፈተጋል። ትልቅ ማሽን አናነሣም፤ ደህናውን ቀለም አብሮ ይወስዳል። ብረት ውስጥ ጉድጓድ ሠርቶ የተቀመጠ፣ ወረቀት የማይደርስበት ጥቁር ነጥብ ከቀረ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት የዝገት መቀየሪያ እናስነካዋለን። ታኒን ሻይን አፍ የሚያጣብቅ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ከዝገት ጋር ሲገናኝ ወደ ጥቁርና የረጋ ነገር ይለውጠዋል። ይህም ቢሆን ለቀሪው ነው እንጂ መፋቅን አይተካም። ከዚያ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ በቀጭን ብሩሽ ተደጋግሞ፣ መጨረሻ ክሊር። እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበበት ቲነሩ ከሥር ይታፈንና ቆይቶ ይሰረጉዳል። ክሊሩ ጠንክሮ ሲያበቃ በ2000 ቁጥር፣ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይለሰልስና ፖሊሽ ይደረጋል።

ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የተፋቀ ብረት እርጥብ አየር ላይ ሲቀመጥ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ይለብሳል። በቀለም ሥራ የታወቀ ሕግ አለ፦ የላሜራው ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። በአዲስ አበባ ክረምት ጠዋት ኮፈን በእጃችሁ ዳብሱና ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በክረምት ይህን ሥራ የምንጀምረው ረፋድ ላይ፣ በር ዘግተን፣ ላሜራውን በመብራት ካሞቅን በኋላ ነው። ሰማዩ ከጠቆረ መልሰን ልንቀጥራችሁ እንችላለን፤ አትቀየሙን።

ስለ ቀለም መመሳሰልም እውነቱን እንንገራችሁ። ነጭ ቶዮታ፣ የፋብሪካው የቀለም ኮድ 040 ከሆነ፣ ከቅርብ ካልታየ በቀር የተሠራው ቦታ አይለይም። ብርማ ግን ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ አለበት፤ በብሩሽ ሲቀባ ብናኙ እንደ ፋብሪካው ተኝቶ ስለማይረጋ ብርሃኑን በሌላ አቅጣጫ ይመልሳል። ኮዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ጠቆር ብሎ ይታያል። 070 የሚባለው ዕንቁማ ነጭ ባለ ሦስት ድርብ ስለሆነ ከሁሉም ያስቸግራል። በነዚህ ላይ ነጥቧ ጭራሽ እንዳትታይ የሚፈልግ ሙሉ ኮፈኑን ማስረጨት አለበት፤ እኛ ግን ለአንድ ነጥብ የፋብሪካ ቀለም ማስፋቅን አንመክርም። ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንስታችሁ ቀድማችሁ ብትልኩልን ቀለሙን አስበጥብጠን እንጠብቃችኋለን።

ባምፐራችሁ ላይ ቡናማ ነጥብ አይታችሁ የደነገጣችሁ ደግሞ ተረጋጉ፤ አብዛኛው ባምፐር ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም። ያያችሁት ከፍሬን ወይም ከብየዳ የበረረ የብረት ብናኝ ተጣብቆ የዛገ ነው፤ ሲታጠብና ሲጸዳ ይለቃል። ለዚህ አናስከፍልም።

ጠጠሩ ዛሬ መትቶት ገና ብረቱ የሚያበራ ከሆነ፣ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ክሊር ጠብ አድርጉበት። እውነት እንላችኋለን፣ የሚስትዎ ወይም የልጅዎ የጥፍር ቀለም እኛ ጋ እስክትደርሱ ውኃ ይከለክላል፤ ስንሠራም በቀላሉ እናነሣዋለን። ብረቱ ከመዛጉ በፊት ከደረሰን ያው እንደ ድሮው በዕለቱ እናስረክባለን፤ ሁለት ሌሊት የምንለው ለዛገው ብቻ ነው። ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት ግን ፖሊሽ አታስደርጉ። ብዙ ፖሊሽ ውስጥ ያለው ሲሊኮን ቀለሙን እየገፋ ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣበታል። በናፍጣ የሚወለውሉ አጣቢዎችንም ለዚያ ሳምንት ተዋቸው።

ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የምትመላለሱ፣ ጠጠር ከጫነ ሲኖትራክ ኋላ አትጠጉ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የጠጠሩ ምት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 50 ሲነዱ የሚነጥር ጠጠር በ100 ላሜራ ያሰረጉዳል።

ክፍያችን እንደ በፊቱ በነጥብ ቁጥር ነው፤ ቀኑ ስለረዘመ አልጨመርንም። በሠራነው ቦታ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ዝገት ከተመለሰ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፣ ያለ ክፍያ ይደገማል። መኪና የምንረከበው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ዓርብ ለማስረከብ ብቻ ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀለም ክፍሉ ሠራተኞች
ተክለሃይማኖት፣ አዲስ አበባ