ደብዳቤ ለልጄ፦ ጥለቱን ከመርጨትህ በፊት

ሐምሌ 14፣ አዲስ አበባ

ማሙሽ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ክረምቱ ይዞታል፤ እሱ የየዓመቱ ነው። ስልክ ላይ ብነግርህ «እሺ እማዬ» ትልና ትዘጋዋለህ። ስለዚህ አስጻፍኩት። እኔ እናገራለሁ፣ የእህትህ ልጅ ይጽፋል። ያሳጠረብኝ እየመሰለኝ በየመስመሩ መልሼ አስነብበዋለሁ። ተማሯል።

ሚስትህ ሐሙስ ዕለት ደውላ ነበር። እንዳትቆጣት፤ አጥብቄ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ማታ ማታ ያስለዋል አለችኝ። አቧራ እንዳይገባ ብሎ የጋራዡን በር ጥርቅም ያደርግና፣ ያቺን የኮሮና ጊዜ ሰማያዊ ማስክ አድርጎ መኪናው ላይ ቀለም ይረጫል አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ቡናዬ እፊቴ ቀዘቀዘ።

ያለ ጭምብል አትርጭ። ያቺ ሰማያዊ ነገር ጭምብል አይደለችም።

እህትህን ጠየቅኳት። እኔን ባትሰማ እሷን ስማ፣ ነርስ ናት። ባለ ሁለት ጣሳው ቀለም፣ ማድረቂያው ውስጥ ያለው ነገር ኢሶሳያኔት ይባላል አለች። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሽታው አፍንጫህ ሳይደርስ እሱ ሳንባህ ይደርሳል። በቆዳም ይገባል። ዛሬ ምንም ላያደርግህ ይችላል። አንድ ቀን ግን ሰውነትህ ይጠላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ትንሹም አስም ያስነሳብሃል። ባለ ማጣሪያው የጎማ ጭምብል ከጨርቁ ይሻላል፣ ትክክለኛው ግን ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣው ነው አለች። ጓንትም፣ ዓይንም መሸፈን አለበት። ውድ ነው እንዳትለኝ። ለወንበሮቹ ቆዳ ስንት ዶላር እንዳወጣህ አውቃለሁ።

እንግዲህ ስለ መኪናው። ፎቶውን አየሁት። አምሮበታል፣ አልዋሽህም። ላሜራው በዝገት ተበልቶ፣ በወለሉ ቀዳዳ መሬት የሚታይበትን ሙስታንግ ጎትተህ ስታመጣ «ይህን ውዳቂ» ብዬህ ነበር። ቃሌን አንስቻለሁ። ነጩንም ወድጄዋለሁ። ዊምብልደን ኋይት ይባላል አልከኝ፤ ድፍን ነጭ አይደለም፣ ወደ ቅቤ ይላል። ጥለቱ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ሁለቱ መስመር፣ ደግሞ ጋርድስማን ብሉ። መልካም። ሚስትህ ጥቁር በወርቃማ ይሻል ነበር ትላለች። ሄርትዝ በ1966 እንደ ፈረንጆቹ ያከራያቸው የነበሩት እንደዚያ ናቸው አለችኝ። እሷም አንብባለች ማለት ነው። ይህን እናንተው ተስማሙበት፣ እኔ አልገባበትም።

አባትህ የመኪና መስመር ብሎ አያውቅም። ጥለት ነው የሚለው። «ዛሬ ጥለት አለብኝ» ካለ፣ ነጠላሽን አውልቂና ክር ያዥልኝ ማለቱ ነው። ክር ያዥዋ እኔ ነበርኩ።

የዚህን ጥለት ታሪክ ስትነግረኝ ስለወደድኩት ሁለቴ አስደገምኩህ። ድሮ ውድድር ላይ እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀለም ነበረው፦ ጣሊያን ቀይ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ አሜሪካ ነጭና ሰማያዊ። የአሜሪካኖቹ ቦዲው ነጭ፣ ሻንሲው ሰማያዊ ነበር። በኋላ ቦዲው ወርዶ ሻንሲውን ሲሸፍነው፣ የተደበቀውን ሰማያዊ አውጥተው በሁለት መስመር ጀርባው ላይ ቀቡት አልከኝ። የአጥንቱን ቀለም ቆዳው ላይ! ብሪግስ ከኒንግሃም የሚባለው ሰውዬ እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ ፈረንሳይ አገር፣ «ለ ማን» የሚባለው ውድድር ድረስ ወስዶ ያስሮጣቸው ነበር። ከዚያ ካሮል ሼልቢ ከሙስታንግ የሠራው ጂቲ 350 መጣ፣ በ1965። የዚያ ዓመቶቹ ሁሉም ነጭ ናቸው። ከበሩ በታች ባለው መስመር ላይ ስሙ ተጽፎባቸዋል። የላዩ ሁለት ጥለት ግን በሁሉም ላይ አልነበረም፤ ብዙዎቹን የቀቧቸው ሻጮቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ያልከኝ አንተ ነህ።

ታዲያ ይህን እያወቅክ «ትክክለኛው ስፋት» እያልክ ለምን እንቅልፍ ታጣለህ? ሰው በእጁ ፕላስተር እየለጠፈ የቀባው ነገር እርስ በርሱ ቢለያይ አይግረምህ። 10 ኢንች ካልክ 10 ኢንች ይሁን። ብቻ ከፊት 10 ሆኖ ኋላ 9 ተኩል እንዳይሆን። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ያንተ ሼልቢ አይደለም፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ተራ ሙስታንግ ነው የገዛኸው። ጥለቱን ቀባ፣ ያምርበታል። የጎኑን ስም ግን አትጻፍበት። ነገ የሚያውቅ ሰው ኮፈኑን ሲከፍተው የምታፍረው አንተ ነህ።

መለካቱን ልንገርህ። መሀሉን ከፓራፋንጎ ጠርዝ እንዳትለካ። አሮጌ መኪና ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። አንዱ ፓራፋንጎ ተቀይሯል፣ ኮፈኑ ማጠፊያው ላይ ትንሽ ዞሯል። አባትህ መጀመሪያ የኮፈኑና የኋላው ክዳን ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን ያስተካክላል። ከዚያ የፊት መስታወቱን ስፋት ለክቶ ለሁለት ያካፍላል። የኋላውንም እንዲሁ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። በመጨረሻ ክሩን ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላ እንወጥረዋለን፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ክሩ አንዷን ነጥብ ከሳተ እንደገና። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሄድና ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ሜትሩና ዓይኑ ከተጣሉ የሚያምነው ዓይኑን ነው። «የሚያየው ሰው ሜትር ይዞ አይመጣም» ይል ነበር።

ይህን የተማረው በ1979 በዚያች ቮልስ ነው። ታስታውሳታለህ? ሰባት ዓመትህ ነበር። ነጭ ቮልስ፣ ባለቤቷ ቀይ ጥለት ይሁንልኝ ያለ። ለእንቁጣጣሽ ካልደረሰች አልከፍልም ብሎ ነበር።

የቮልስ ኮፈን መሀሉ ላይ የኒኬል ዘንግ አለው፤ መሀሌ ይኸው ብሎ ራሱ ይነግርሃል። የፊቱ ቀላል ነበር። ጣሪያው ላይ ግን አባትህ ከጎን ለካ። ያ ጎን ተጋጭቶ በባትላሜራ የተቃና፣ ስቱኮ የበዛበት ነው። ጠዋት ስናየው ጥለቱ ወደ ግራ ሸሽቷል። ኋላ መስታወት ሲደርስ አንድ ጣት ያህል ስቷል። ሌላ ሰው ላያየው ይችል ነበር፣ እኔም መጀመሪያ አላየሁትም። እሱ ግን እንደ መርዶ ቆሞ አየው። የብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ላጠው። ሲጨርስ ዝናቡ ጀመረ። «ይቆይ፣ ሲያባራ በሩን ከፍተን እንረጫለን» አለኝ።

እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያንተ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። እቁቡን ቀድመን በልተነዋል። «በሩን ዝጋና ዛሬውኑ ጨርሰው» አልኩት። ባለ ማድረቂያው ቀለም ያኔ ለእኛ አዲስ ነበር። ቶሎ ይደርቃል፣ እንደ መስታወት ያበራል ተብሎ ከውጭ የመጣ። ከአሮጌ ነጠላዬ ቀድጄ አፍና አፍንጫውን አሰርኩለት። ነጠላ፣ ማሙሽ! ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ረጨ። እኔ በር ላይ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ሲወጣ ቅንድቡ ቀይ ነበር፣ ይስቅ ነበር። ጠዋት ሳል ጀመረው። ብርድ ነው አልኩ። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠሁት፣ ዝንጅብል አፈላሁለት። በሳምንቱ ሌላ መኪና መጣ፣ እሱም በር ተዘግቶ ተሠራ። ከዚያም ሌላ። መጨረሻ ላይ እንዴት እንደነበረ አንተም ታውቀዋለህ። ጎረቤት በሩን ሲቀባ እኛ መስኮት እንዘጋ ነበር።

ቮልሷ ለእንቁጣጣሽ ደረሰች። ሰውየው ሦስት ጊዜ ዞራት፣ አጨበጨበ፣ ከፈለ። ጥለቱ ቀጥ ያለ ነበር። ያንተን ከፍለን ጫማም ተረፈን፣ ያቺ ቡናማዋ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የእህትህ ልጅ መጻፉን ትቶ ያየኛል። ጻፍ እያልኩት ነው።

ያለ ጭምብል አትርጭ።

በርበሬው መጥቶልሃል። የሰፈራችን ልጅ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ደርሷል፣ ቅዳሜ ሄደህ ተቀበለው። ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፣ ልጆች አሉት። በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው። ቦታ የለም ብለህ ጋራዥ ከቲነሩ ጋር እንዳታኖረው፣ አውቅሃለሁ።

ወደ ፕላስተሩ ልመለስ። ነጩን በልስልስ የብርጭቆ ወረቀት ሳታሻክር ምንም አትርጭበት፣ አይዝም። ጠርዙን ስስ በሆነው የፕላስቲክ ፕላስተር ሥራው። የወረቀቱ ፕላስተር ቀለም ያሾልካል፤ እሱን ለመሸፈኛው ተጠቀምበት። ስትለጥፍ አትወጥረው። የተወጠረ ፕላስተር ወደ ኋላ ይሰበሰብና ኩርባው ላይ ይነሳብሃል። ጠርዙን በጥፍርህ ሂድበት። ጋዜጣ አታልብሰው፣ ቀለሙ ጋዜጣውን አልፎ ነጩ ላይ ይወርዳል። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ያለው ጥለት አንድ እንዲሆን፣ ፕላስተሩን ክፍተቱን አሻግረህ ለጥፍ፤ ከዚያ ቁረጠውና ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፈው።

አባትህ አንድ ዘዴ ነበረው፣ ለማንም አያሳይም ነበር። ሰማያዊውን ከመርጨትህ በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በዚያው በነጩ በስሱ እርጨው። ሾልኮ የሚገባ ካለ ነጩ ይግባ። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፤ ቀዳዳው ይደፈንና ሰማያዊው መግቢያ ያጣል። ከዚያ ሰማያዊውን በስስ በስሱ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። አንዴ በወፍራሙ ከረጨኸው ጠርዙ ላይ ግድግዳ ይቆምብሃል። ፕላስተሩን ስታነሳ ወደ ራሱ አጥፈህ፣ ቀስ ብለህ፣ ቀለሙ ድርቅ ከማለቱ በፊት። እዚህ ላይ አትቸኩል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሁለት ወር ሥራውን በሁለት ደቂቃ ያበላሻል፣ አይቻለሁ።

መጨረሻ ክሊሩ፣ ከሁሉም በላይ የሚረጨው ቀለም የለሹ፣ ይመጣል። ልብ በል፣ ሰማያዊው ማድረቂያ ላይኖርበት ይችላል፣ ክሊሩ ግን አለበት። «ክሊር ብቻ ናት የቀረችኝ» ብለህ ጭምብሉን ልታወልቅ የምትችለው እዚያ ላይ ነው። ሰው ሲጨርስ ነው የሚዘናጋው፣ አባትህም እንደዚያው ነበር። ያለ ጭምብል አትርጭ። ክሊርም ቢሆን።

ልጅህን ክር አስይዘው። ይማር፣ ስልኩንም ለአንድ ሰዓት ያስቀምጥ። ስትረጭ ግን ጋራዡ ደጃፍ እንዳይደርስ። ሚስትህም እንደዚያው፣ ውሃ ላምጣልህ ብላ እንዳትገባ። የሥራ ልብስህን ከእነሱ ልብስ ጋር አታሳጥብ።

ሳሉ ካልለቀቀህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ቀለም እንደምትረጭም ንገረው። ዝም ብለህ «ሳል ነው» እንዳትል። እንደ እኔ ብርድ ነው እንዳይልህ።

ክሩን ከበርበሬው ጋር ልኬልሃለሁ፣ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ራሴ የፈተልኩት ነው፣ አባትህ ከዚያ ወዲያ በሌላ ለክቶ አያውቅም። አንደኛው ጫፉ ላይ ቀይ አለበት። የቮልሷ ነው፤ ብዙ ጊዜ አጥቤው አልለቀቀም። እሱን ጫፍ ራስህ ያዝ፣ ነጩን እንዳይነካብህ።

ጭምብሉን ስትገዛ ፎቶ ላክልኝ። በካርቶኑ አይደለም፣ ፊትህ ላይ ሆኖ።

እናትህ