የሲዲኤል ምክክር፣ እሑድ በፊኒክስ

ሰላም ወገኖች፣

የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) ለማውጣት ያሰባችሁ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በ3 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) በተለመደው አዳራሻችን እንገናኝ። ሁለት ሾፌሮቻችን ይመጣሉ። አንዱ በአይ-10 አውራ ጎዳና ሎስ አንጀለስ ደርሶ የሚመለስ ነው። ሌላኛው ሳምንታት ከቤት ይርቃል። ክፍያውንም የልጆቹን ናፍቆትም ሳይደብቁ ይነግሩናል።

እስከዚያ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ! ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ፣ ክላስ ኤ (ተጎታች ያለው ከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው የሚማርበት ቦታ በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ መኖር አለበት። እኔ ሳላጣራ ከፈልኩ፤ ትምህርት ቤቱ መዝገቡ ላይ የለም። ብሩም እዚያው ቀረ።

የተማሪ ፈቃድ ከያዛችሁ በኋላ ለመንዳት ፈተናው ቢያንስ 14 ቀን ትጠብቃላችሁ። ከአሪዞና ውጭ ጭነት ለማመላለስ 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። እንግሊዝኛውንም አትናቁት፤ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪው ያናግራችኋል፣ ምልክት ያስነብባችኋል። ካልተግባባችሁ ከመንዳት ሊያግዳችሁ ይችላል።

መንጃ ፈቃዳችሁንና የሾፌር የሕክምና ምርመራ ካርድ ያላችሁ ካርዱን ያዙ። የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ ስማችሁን፣ ጎኑ ላይ «ጀማሪ» ወይም «ፈቃድ አለኝ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ወንበር የምናዘጋጀው በዚያ ቁጥር ነው።