ቫዮሊንሽን ይዘሽ ነይ

እሙዬ፣ የኔ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን በስልክ ብጀምረው «እማ፣ ክፍል ልገባ ነው» ትይኛለሽ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ለፋሲካ ስትመጪ ቫዮሊንሽን ከነሳጥኑ በሩ ጋ አቆምሽው። ሦስት ቀን ሙሉ አልተከፈተም። ስትሄጂ መልሰሽ መኪና ውስጥ ከተትሽው። ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ ግን ከልቤ አልወጣም።

ሥራሽ እንደሚያደክም አይቻለሁ። ባለፈው ጥር ክፍልሽ መጥቼ ጥግ ላይ ተቀምጬ አልነበር? ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ የተወጠረው ክር ይላላል። ሠላሳ ልጅ ቅኝቱ የወረደ ቫዮሊን ይዞ «ሚስ! ሚስ!» ይላል። አንቺ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድሽ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ እያልሽ ስትቃኚ ግማሹ ሰዓት አለቀ። አንዱ ክንዱ አድጎ ግማሽ መጠኑ ቫዮሊን ጠቦታል፤ ባለ 3/4ቱን ፈልገሽ ሰጠሽው። አንዷ ደጋኑን እንደ ማንኪያ ጨብጣዋለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከልሽላት። አንዲት ጥርት ያለች ድምፅ ስታወጣ ከእሷ ይልቅ አንቺ ደስ አለሽ። ኮራሁብሽ።

አንቺም አራተኛ ክፍል እያለሽ እንደዚያው ነበርሽ። ቫዮሊኑ የኪራይ ነበር፤ በየወሩ እከፍል ነበር። ከሌሊት ሥራ ስገባ ስትለማመጂ አገኝሻለሁ። አያትሽ በስልክ ሰምተው «ማሲንቆ ነው እንዴ?» አሉ። «ዘመዱ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው። የማሲንቆውማ ክሩም ጭራ ነው፣ ያውም አንድ ለእናቱ። ከዚያ በኋላ ለእሳቸው ብለሽ ኖታ ሳታዪ፣ በጆሮሽ ብቻ ትዝታን ለቅመሽ አወጣሽ። አለቀሱ እኮ!

ስለ ሮቤርታ ጉዋስፓሪ የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል? ከግሪክ ባመጣቻቸው 50 ቫዮሊኖች ኒው ዮርክ፣ ምሥራቅ ሃርለም ውስጥ ልጆች ማስተማር የጀመረችው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀቱ ተቆረጠ። ወላጆችና ሙዚቀኞች አብረዋት ቆሙ። በ1993 ለትምህርቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተማሪዎቿ ካርኔጊ አዳራሽ ከታላላቆቹ ቫዮሊን ተጫዋቾች፣ ከነአይዛክ ስተርንና ከነኢትዝሃክ ፐርልማን ጋር ተጫወቱ። ሰው ሲያወራው የተሰበሰበውን ገንዘብ ያነሳል። እኔን የገረመኝ የእነዚያ ልጆች ጆሮ ነው። እንዲያ ያለ ቫዮሊን ከጎናቸው ሲጫወት ሰሙ!

የአንቺ ተማሪዎች ስተርንን አያገኙም። የሚያገኙት አንቺን ነው። እኔ ግን ያን ቀን እስከ ደወሉ ድረስ ተቀምጬ፣ ከቅኝት በቀር አንድም ዜማ ስትጫወቺ አልሰማሁም። እነሱም አልሰሙም ማለት ነው። ልጆቹ መምህራቸው ምን ያህል እንደምትችል አያውቁም። ይሄ ያሳዝነኛል።

እባክሽ የኔ እናት፣ ትምህርት ከመጀመርሽ በፊት አምስት ደቂቃ ተጫወችላቸው። ቅኝቱ ትንሽ ይቆይ። የደከመሽ ቀን እንኳን አጭር ነገር ይሁን።

ለገና ስትመጪ ደግሞ ሳጥኑን በሩ ጋ አታቁሚው። ሳሎን አስገቢው። አያትሽን በቪዲዮ እንደውልላቸዋለን። ትዝታን ጠይቀውኛል። ያ ደጋኑን የምትቀቢበት ሙጫ፣ የድሮው ሮዚንሽ፣ እስካሁን መሳቢያሽ ውስጥ አለ፤ ጫፉ ተሰብሯል እንጂ ይሠራል።

እናትሽ