ወደ አሰላ ከመሄዳችሁ በፊት

ሐዋሳ

ለምወድሽ እህቴ፣

ከተጠፋፋን ስንት ዘመናችን! ትናንት እናትሽ ደውለው ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጅ እንዳለችሽ፣ አዳማ ሙቀት ክፍል ከርማ በዚህ ሳምንት እንደምትወጡ ነገሩኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! ታሳድግልሽ። የአሰላው መንገድ ግን አሳሰበኝ። እዚህ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስሠራ ብዙ እናቶች ሸኝቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ጡት እየጠባች ክብደት ካልጨመረች፣ ያለ ማሞቂያ ሙቀቷን ካልጠበቀች፣ ትንፋሿም ለተከታታይ ቀናት ሳይቋረጥ ካልቆየ ቤት ናፈቀኝ ብለሽ አትቸኩይ። የዓይን ምርመራ ቀጠሮዋንም ሳትጠይቂ አትውጪ።

እህትሽ ከአሜሪካ የመኪና ወንበር ልካለች አሉ፤ ተባረኪ በያት። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ልጆች አንገታቸው ገና አልጠናም። ወንበሩ ላይ ጭንቅላታቸው ወደፊት ይደፋል፤ አገጭ ደረት ሲነካ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ያኔ ልጅ አያለቅስም፣ ዝም ነው የሚለው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዝምታ ነው። አሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ሳይሸኟቸው በፊት እዚያው ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ከ90 እስከ 120 ደቂቃ የልብ ምታቸውንና ኦክስጅናቸውን የሚከታተሉት ለዚህ ነው። አንቺም ወንበሩን ቀደም ብለሽ ክፍሉ ድረስ ውሰጂና ማሽኑ ሳይነቀልላት የመንገዱን ያህል እንዲያዩልሽ ለምኛቸው።

ቀበቶው ገላዋ ላይ ልክክ ይበል፤ ወፍራም ልብስ ከሥሩ አይግባ፣ ብርድ ልብሱን ከላይ ደርቢላት። ወንበሩ ከኋላ፣ ፊቷ ወደ መኪናው ጀርባ ሆኖ ይታሰር፤ አንቺ ከጎኗ ሆነሽ አትንቀሳቀሺ። ለዚህ ሚኒባስ አይሆንም፤ ኮንትራት ያዙ፣ ገንዘቡን አትሳሺ።

ከአዳማ ሙቀት ወጥታችሁ አሰላ ብርድ ነው የምትገቡት። እናትሽ ንፋስ እንዳይመታት ብለው ፊቷን በነጠላ ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ "እማዬ፣ ይተዉት" በያቸው። ኮፍያና ካልሲ ይበቃታል፣ አፍና አፍንጫዋ ሁልጊዜ ይታይሽ። ጡት ስትፈልግ መኪናው ይቁም። ቤት ስትደርሱ ወንበሩ ላይ እንደተኛች አትተያት፤ አውጥተሽ ገላ ለገላ ደረትሽ ላይ አድርጊያት። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይላል፤ ገንፎውን ሌላ ሰው ያገንፋ! ከሰልና ዕጣን ከክፍሏ ይራቅ፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂም በር ላይ ይመለስ፣ ቢቀየም ይቀየም።

መጥባት ከተወች፣ በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ገላዋ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሩጪ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ስትደርሱ ደውይልኝ።